የመጨረሻዋ ቀዳዳ

ላሙ፣ ረጀብ 10 ቀን 1380

ለአቡድ ኮምቦ፣ ኤደን ወደብ

አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤህን የሞምባሳው ጀልባ አመጣልኝ። ጠርዙን የባህር ውሃ ነክቶታል፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል።

ይቅርታህን ተቀብያለሁ፤ ሌላ ምን አደርገዋለሁ? የሰሜኑ ንፋስ ከገባ ጀምሮ ጀልባዎቹ አንድ በአንድ መልሕቅ ሲጥሉ ጣራ ላይ ወጥቼ አያለሁ። ዘንድሮም አንተ አልወረድክም። ሦስተኛ ዓመትህ ነው። ሥራ በዛብኝ ያልከውን ለጎረቤታችን ለቢ ሲቲ ብነግራት፣ ኤደን ያለ ጀልባ ሁሉ የሚሰበረው ያንቺ ባል ሊመጣ ሲል ነው ወይ አለችኝ። ሳቅሁላት። ቤት ስገባ ግን አልሳቅሁም።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። አባትህ ደህና ይበላሉ። ማንጎ ስለወጣ ከሱ ሌላ ምግብ ያለም አይመስላቸው። ጥሬውን በጨውና በቃሪያ፣ የበሰለውን እንዲሁ እየላጥኩ እሰጣቸዋለሁ፣ ጢማቸው ቢጫ ሆኖ ይውላል። ጉልበታቸው አልደከመም፤ ሐሳባቸው ነው አንዳንዴ ጥሏቸው የሚወጣው። ትናንት ከምሳ በኋላ፣ አቡድ ከመስጊድ ምነው ቆየ ብለው ጠየቁኝ። ይመጣል አልኳቸው። ውሸት ነው እንዳትል፤ ትመጣ የለ?

እኔም ደህና ነኝ። ይሄን ወቅት እንደምወደው ታውቃለህ። ንፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ እጄ አያልበኝም፣ ነጩ ክርም አይቆሽሽብኝም። ጠዋት እጄን በሎሚ እታጠብና ጨርቄንና ወስፌዬን ይዤ ጣራ ላይ እወጣለሁ። የኮፍያውን ቀዳዳዎች እየከፈትኩ ዙሪያቸውን ስጠልፍ፣ ከታች የአረብ ጀልባዎች ቴምር ሲያራግፉ፣ አህያ ነጂዎቹ ሲሰዳደቡ ይሰማኛል። ለረመዳን ዒድ የታዘዘው ኮፍያ ብዙ ነው። አጥቤ በሩዝ ውሃ ነክሬ፣ በተገለበጠ ማሰሮ ላይ ደፍቼ ሳደርቃቸው ጣራችን ሽማግሌዎች የተሰበሰቡበት ይመስላል። ካለህበት ሆነህ አትቅና።

የልጃችን ዕቃ ያለበትን ሳጥን ከፈትሽው ወይ ላልከኝ፣ አልከፈትኩትም። መቃብሩን ግን ጁምዓ ጁምዓ እጠርጋለሁ። ልጃችን ቢኖር ኖሮ ዘንድሮ ከአያቱ ጋር ማንጎ ይሻማ ነበር። ይሄን የምጽፈው ላስለቅስህ አይደለም፤ እንዳንተ ስለሱ የማወራው ሰው ስለሌለኝ ነው።

አባትህ ሰላም ይሉሃል።

ቲማ


ኤደን፣ ሻዕባን 12 ቀን 1380

ለውድ ባለቤቴ ለቲማ

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። አዎ፣ ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል፤ ከኋለኛው ጋር የላክሻቸው ሸሚዞችም ልኬ ናቸው። ከስቷል ብሎ የነገረሽ ሰው ዓይኑን ይታይ። እዚህ ማንጎ የለም፣ ጣራ ላይ የሚነፍስ ንፋስም የለም፤ ያለው ሙቀትና የእንጨት ብናኝ ነው። ደብዳቤሽን ሳነብ አፌ ምራቅ ሞላ።

የምመጣበትን ቀን ቁርጡን ንገረኝ ብለሻል። ቁርጥ ቃል ሰጥቼ ከማፍር ዝም ብል ይሻላል። አለቃዬ የጀመርነውን ትልቅ ጀልባ ሳንጨርስ አይለቀኝም። ታገሺኝ።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ። አብሮኝ የሚሠራ አወድ የሚባል የሙከላ ሰው አለ። አሁን አሁን መራመድ የጀመረ ወንድ ልጅ አለው። እኔ ደግሞ ስለ እጅሽ ሥራ ሳወራ አፌን መሰብሰብ አላውቅበትም፤ ቲማ ለልጅህ ኮፍያ ትሠራለታለች ብዬ ቃል ገባሁለት። ለዓረፋ ቢደርስልኝ ደስ ይለኛል። የልጁን ራስ በሲባጎ ለክቼ እዚህ ወረቀት ውስጥ ጠቅልዬልሻለሁ። ልኩ ቋጠሮው ድረስ ነው። እንቅልፍ ላይ ሆኖ ነው የለካሁት፣ ነቅቶማ ማን ያስለካል!

ንድፉ የኛ ቤት ንድፍ ይሁን፣ ጨረቃና መቅዘፊያው። እሱን የሚያህል ንድፍ ላሙ ውስጥ የለም። አባባን አታድክሚያቸው፣ አንቺ በቃልሽ ታውቂዋለሽ።

ለአባባ እጃቸውን ሳሚልኝ።

ባለቤትሽ አቡድ


ላሙ፣ ሸዋል 9 ቀን 1380

ለአቡድ

እንኳን ለዒድ አደረሰህ። አዎ፣ ሲባጎዋ ደርሳለች። ቋጠሮዋም አልተፈታም።

ዒዱ እንዴት ዋለ ትል ይሆናል። ጥሩ ዋለ። ሕፃናቱ ወደቡ ዳር ዥዋዥዌ ተሰቅሎላቸው፣ ጣታቸው በሐልዋ ተጣብቆ ዋሉ። ከመስጊድ የወጣው ወንድ ግማሹ የኔን ሥራ ራሱ ላይ ደፍቷል። እኔና ቢ ሲቲ በመስኮት ሆነን ይሄ ያንቺ ነው፣ ይሄ ያንቺ አይደለም እያልን ቆጠርን። ጃስሚኑ አብቧል። ንፋሱ መዞር ጀምሯል፤ ትንሽ ቆይቶ ዝናቡ ይገባል።

ስለ ኮፍያው ልጻፍልህ። የአወድ ሚስት መርፌ ትይዛለች? የምጠይቅህ በእናንተ ቤት ደንብ የመጨረሻዋን ቀዳዳ ጠልፋ የምትጨርሰው የልጁ እናት ስለሆነች ነው። ያንተን ኮፍያ እናትህ ናት የጨረሰችው፣ የአባባን እናታቸው። ይሄን ትረሳዋለህ ብዬ አላስብም። ጨረቃና መቅዘፊያ ከአባባ ዘር ውጭ በማንም ራስ ላይ ተደፍቶ እንደማያውቅም አትረሳም። ያ ሀብታም የቴምር ነጋዴ ለልጁ ሰርግ ለምኗቸው ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ከበር የመለሱት ጊዜ አብረን ነበርን። ያን ቀን አንተ ነህ እስክትታመም የሳቅኸው።

ስለ ልጁ እናት አንድ ቃል አልጻፍክም። ስሙንም አልነገርከኝም። ማንን ይመስላል?

አታድክሚያቸው ብትለኝም እኔ ያለ አባባ ፈቃድ ንድፋቸውን አልነካም። ጨርቅና እርሳስ አቀረብኩላቸው። የማን ነው አሉኝ። የልጅ ነው አልኳቸው፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ትንሽ አዩኝና ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ ለመሣል ሞከሩ፣ ግን እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ጨረቃዋ ድንች ሆነች። እርሳሱን አስቀመጡና ሲባጎዋን በጣታቸው እያሻሹ ወጡ። በራችን ላይ ያለው የድንጋይ መደብ ላይ ከሽማግሌ ጓደኞቻቸው ጋር ተቀመጡ። እዚያ ያሉትን ነገር የሰማሁት ኋላ ነው። እሱ ለዛሬ ይቆይ።

ስለ ንድፉ አትጨነቅ። አባባ ድሮ የሣሉት አንድ አለ።

አባትህ ሰላም ይሉሃል። ዘንድሮ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸዋል።

ቲማ


ኤደን፣ ዙልቃዕዳ 20 ቀን 1380

ለቲማ

ስለ አወድ ሚስት የጠየቅሽኝን ተይው፤ አሁን የኮፍያ ወሬ አይደለም የያዘኝ።

ከላሙ የመጣ ጀልባ እዚህ ለጥገና ገብቷል። መርከበኞቹ ሲያዩኝ ዝም ይላሉ። አንዱን ሻይ ጋብዤ አውጣው ብለው፣ ሚስትህ ነፍሰ ጡር ናት ይባላል አለኝ። አባቴ በገዛ አፋቸው መደብ ላይ ተቀምጠው አበሰሩ አለኝ። እኔ ፊትሽን ካየሁ ሦስት ዓመቴ ነው። እዚህ በስሜ የሚጠራኝ ሁሉ አሁን የምን እንደሆነ በማላውቀው ዓይን ያየኛል።

ያንን ዝም ያልሽበትን፣ ለዛሬ ይቆይ ያልሽውን ነገር አሁን ገባኝ። እኔ ባዕድ አገር ስንከራተት አንቺ በአባቴ ጣራ ሥር ይሄን አደረግሽ? አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። እውነት ነው ወይስ አይደለም?

አቡድ


ላሙ፣ ሙሐረም 5 ቀን 1381

ለአቡድ

አይደለም።

መልሱ ይኸው ነው፤ ወረቀቱን እዚህ ላይ ማጠፍ እችል ነበር። ግን እንዴት እንደሆነ ካልነገርኩህ ከመርከበኛ ትሰማዋለህ።

አባባ ያን ቀን የልጅ ነው ስላቸው፣ የኔ ልጅ መሰላቸው። ምን ይፍረዱ? ጨረቃና መቅዘፊያ በቤታቸው የሚሠራው ለልጅ ልጅ ነው። አንተ ከሄድክ ስንት ዓመት እንደሆነ ያን ቀን አላስታወሱም። ወጥተው መደቡ ላይ፣ ቤቴ ልጅ ሊመጣ ነው፣ ቲማ ኮፍያውን ጀምራለች አሉ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ቤታቸው ገብተው ለሚስቶቻቸው ሲነግሩ ግን ሚስቶቹ መቁጠር ጀመሩ። ሴት መቼም ወር አይጠፋትም።

ከዚያ ወዲያ ዝናቡም ሐሜቱም አንድ ላይ ገቡ። ባህሩ ተቆጥቶ ዓሣ ጠፋ፣ ቤት ውስጥ ሆነን የደረቀ እንበላለን። ድሮ ይሄን ጊዜ ሴቶቹ መርፌያቸውን ይዘው እኛ ግቢ ይመጡ ነበር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እየተጯጯህን እንጠልፍ ነበር። ዘንድሮ ከቢ ሲቲ በቀር የመጣ የለም። እሷም ሆዴን አየት ታደርግና ዓይኗን ትመልሳለች። ለመውሊድ ኮፍያ ያዘዙኝ ሰዎች አንድ በአንድ ጨርቃቸውን አስመለሱ። የሚሰግዱበትን ኮፍያ ከኔ እጅ መቀበል ቀፈፋቸው። ከሁሉም ይሄ ነው ያመመኝ። ሌላው ወሬ ነው፤ ይሄ ግን እጄ ነው።

አንድ ቃል ብናገር ያልቅ ነበር። ሲባጎዋን ይዤ በር ላይ ብቆም ይበቃ ነበር። እንኳን እኔ፣ የላሙ ሕፃን የጨረቃና መቅዘፊያን ደንብ ያውቃል። አንተ ብቻ ነህ የማታውቅ የምትመስለኝ፤ ወይ ረስተኸዋል፣ ወይ እኔ የማልገምት አድርገህ ቆጥረኸኛል። ያልተናገርኩት ስምህን አባትህ በር ላይ ማዋረድ ስላልሆነልኝ ነው። ትንሽም ተስፋ ነበረኝ። አወድ የሚባል ሰው ካለ ብዬ።

ከዚያ ወንድሜ ሌሊ ከሸላ መጣ። ግቢው መሐል ቆሞ፣ ወይ ተናገሪና ራስሽን ነጻ አውጪ፣ ወይ ዕቃሽን ሰብስበሽ ውጪ አለኝ። ስንጯጯህ አባባ ከጓዳ ወጡ። ያን ቀን ዓይናቸው ጥርት ብሎ ነበር፤ እንደዚያ የሚሆኑበት ቀን አለ።

«ቲማ፣ አቡድ ከሄደ ስንት ጊዜው ነው?» አሉኝ።

«ሦስት ዓመት ሆነው አባባ።»

ሲባጎዋን ከኪሳቸው አወጡ። ለካ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይዘዋት ነው የሚዞሩት።

«ታዲያ ይቺ የማን ራስ ናት?»

«የልጅ ልጅዎ ናት» አልኳቸው። «ኤደን ነው ያለው። እናቱ ሌላ ናት።»

ዱላቸውን ይዘው ወደ መደቡ ወጡ። ዓስር ተሰግዶ ሰዉ ሲመለስ ቆመው ጠበቁት። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰማሁ።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ልጁ ተወልዷል፣ ኤደን ነው። ይቺ ሴት የሌላ ሴት ልጅ ኮፍያ ቁጭ ብላ ትጠልፋለች፣ እናንተ ወር ትቆጥራላችሁ።»

ሌሊ እንኳ አቀረቀረ። በማግስቱ እነዚያው ሴቶች ሩዝ በኮኮናት፣ ሳምቡሳ፣ ያላቸውን ሁሉ በሳህን ይዘው መጡ። ጨርቁንም መለሱልኝ። ሐሜቱን ችዬው ነበር፤ ከንፈር ሲመጡልኝ ግን አልቻልኩም፣ ገብቼ አለቀስኩ። አባባ ደግሞ ሁለት ቀን ቆይተው ሁሉን ረሱት። አሁን ጠዋት ጠዋት ልጁ መቼ ነው የሚመጣው ይሉኛል። ንፋሱ ሲመለስ እላቸዋለሁ።

አቡድ፣ እስካሁን ያንተን ቃል አልሰማሁም። ለአባትህ የነገርኳቸው እንዳየ ሰው ነው። ዋሽቼብህ ከሆነ ጻፍልኝ፤ ውሸታም ብሆን ደስ ይለኛል። እውነት ከሆነ ደግሞ፣ ሸሪዓው ሁለተኛ አታግባ አላለህም፣ እኔም ብልህ አትሰማኝም። ብትነግረኝ አለቅስ ነበር፣ አንድ ሁለት ድስት እሰብር ነበር፣ ከዚያ እጄን ታጥቤ ኮፍያውን እሠራው ነበር። አንተ ግን እጄን ፈለግህ እንጂ እኔን አልፈለግህም። እሱን ሁሉ ደብቀህ ነው ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ ብለህ የጻፍክልኝ።

ኮፍያው ለዓረፋ አልደረሰም። እየሠራሁት ነው።

አባትህ ሰላም ይሉሃል።

ቲማ


ላሙ፣ ረቢዕ አልአኺር 3 ቀን 1381

ለአቡድ ኮምቦ

ደብዳቤህ ደርሳኛለች። ረጅም ናት፣ እንባህም እንዳለበት አይቻለሁ። ሁለቴ አነበብኳት፣ ሦስተኛ ግን አላነባትም።

ብዙ ነገር ጠይቀሃል። ከቀላሉ ልጀምር። መውሊዱ ደማቅ ነበር። ከፓቴም ከሲዩም ሰው በጀልባ ጎረፈ። ባህሩ ገና አልበረደም፣ ግን ማን ይቀራል? የአህያ ግልቢያውን የሸላ ልጅ አሸነፈና ሌሊ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ወንዶቹ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ዱላቸውን እያወዛወዙ በሰልፍ በበራችን ሲያልፉ፣ ከበሮው ግድግዳውን ያንቀጠቅጠው ነበር። ከኔ ኮፍያ ብዙ አየሁ። ዘንድሮ ግን አልቆጠርኩም።

አባባ ያን ቀን መደቡ ላይ ነበሩ። የልጁን ኮፍያ ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከሰልፉ ጋር ሰውነታቸውን ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙ ነበር። ስሙን ኮምቦ እንዳልከው የሚናገረው ደብዳቤህ ዋዜማውን ስለደረሰ ነግሬያቸው ነበር። የገዛ ስማቸውን ሲሰሙ እንደ ማፈር አሉ። ያን ዕለት ላለፈ ላገደመው ሁሉ ኮፍያውን እያሳዩ ኮምቦ ነው፣ ኮምቦ ነው ሲሉ ዋሉ።

አባባ ይቅር ይሉኛል ወይ ብለሃል። የሚቀየሙበትን ነገር አላስታወሱትም። ይቅርታ ከሆነ ውሰደው።

ልጁን ይዤ ልምጣና ይዩት ወይ ላልከው፣ ዘግይተሃል። ከመውሊዱ በኋላ በነበረው ጁምዓ ለሱብሒ ልቀሰቅሳቸው ገባሁ፣ አልነቁም። ሲባጎዋ ጣታቸው ላይ ተጠምጥማ ነበር። አልፈታኋትም፣ አጣቢዎቹንም ተዉአት አልኳቸው፤ አብራቸው ገብታለች። ልጃችን ጎን ነው የተቀበሩት፣ ቦታውን ሌሊ መረጠ። ይሄን ከላይ ያልጻፍኩት የመውሊዱን ወሬ በሰላም እንድታነብ ብዬ ነው። እኔም እስካሁን አባትህ ሰላም ይሉሃል ብዬ መጨረስ ስለለመድኩ፣ ዛሬ ይሄን ደብዳቤ መጀመሩ ከበደኝ። አላህ ይዘንላቸው። ለኔ አባት ነበሩ።

ስለኔ ጠይቀሃል። ነገ ሌሊ ይመጣል፣ ወደ ሸላ እሄዳለሁ። እዚህ የያዘኝ የሳቸው እጅ ነበር። የቤቱ ቁልፍ ቢ ሲቲ ጋር ነው፤ ማንጎዎቹንም እሷ ትጠብቃለች። ፍቺውን በጽሑፍ ላክልኝ። አትርገመኝ ብለሃል፤ አልረግምህም። ወድጄህ ነበር፤ ግን ከእንግዲህ ጣራ ላይ ወጥቼ ጀልባ አልቆጥርም።

ኮፍያው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተጠቅልሏል። ሳጥኑን ከፈትኩት፣ አቡድ። ልጃችንን አርግዤ ሳለ አባባ ሥለውልኝ የጀመርኩት ኮፍያ፣ እሱ ስም እንኳ ሳይወጣለት ሲሄድ አጥፌ ያስገባሁት፣ እንዳለ ነበር። ጨረቃዎቹ የሳቸው እጅ ሳይንቀጠቀጥ የሣላቸው ናቸው። ያኔ ራሱ ጠንክሮ፣ ሮጦ፣ ለዒድ እንዲያደርገው ብዬ ሰፋ አድርጌ ነበር የቆረጥኩት። ሲባጎህን ከአባባ ተውሼ አዞርኩበት። ልክ ሆነ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ፣ ከዚያ ተነስቼ እጄን ታጠብኩ።

ግማሹ ያኔ የተጠለፈ ነው፣ ግማሹ በዘንድሮው ዝናብ። ሰው አይለየውም። እኔ እለየዋለሁ። ዙሪያውን ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አጥፌለታለሁ፤ ራሱ ሲያድግ ፈትታችሁ ታሰፉለታላችሁ፣ ወደኔ አትመልሱት።

የመጨረሻዋን ቀዳዳ አልጠለፍኳትም። ያኔም ለራሴ ያስቀረኋት እሷን ነበር። መርፌዋን ክር አስገብቼ አጠገቧ ሰክቼልሃለሁ። ለናቱ ስጣት። መጀመሪያ እጇን በሎሚ ትታጠብ። ክሩን ደግሞ አጥብቃ እንዳትስበው ንገራት፣ ቀዳዳዋ ትዘጋለች።

ቲማ